ባለ አሥር ቀዳዳዋ ሃርሞኒካ

በአፋቸው ነክተውት የማያውቁትን መሣሪያ ለሌላ ሰው የሚመርጡ ሰዎች በዚህ ዓለም ሞልተዋል። ጫማ ቢሆን ‹‹እስቲ ለኪው›› ይላሉ። ሃርሞኒካ ሲሆን ግን ሁሉም ሊቅ ነው። ከነዚህ ሊቃውንት አንዱ ወንድም ጋሼ ነው።

ወንድም ጋሼ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምሮ ጡረታ ወጥቷል። ጡረታ የወጣው ከማስተማር እንጂ ከማረም አይደለም። የዳቦ ቤቱን ማስታወቂያ ያርማል፣ ዜና አንባቢውን ያርማል፣ ከሁሉ አብልጦ ደግሞ ታናሽ እህቱን ያርማል። እህቱ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። በአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ የተቀደደ ወንበር ትሰፋለች፤ ወፍራሙን ቆዳ እንደ ወረቀት ትበሳዋለች። እሱ ግን እስከ ዛሬ ‹‹ሚጣ›› ነው የሚላት። ስልኳን የመረጠው እሱ ነው፣ መነጽሯን የመረጠው እሱ ነው፣ የሳሎኗን መጋረጃም የመረጠው እሱ ነው። መጋረጃው ያስጠላታል።

የሃርሞኒካው ነገር የመጣው ከፍንጣሪ ነው። ፍንጣሪ የጋራዡ በያጅ ነው፤ ቅጽል ስሙን ያገኘው ከሥራው ነው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ጓንቱን ያወልቅና ጊታር አንስቶ ብሉዝ ይጫወታል። ሚጣ ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገቡ ተቀምጣ፣ አንድ ቀን ሃርሞኒካ ይዛ እንደምታጅበው እየዛተች፣ በእግሯ ምት ስትመታለት ኖራለች። ረቡዕ ዕለት ታዲያ ፍንጣሪ ጊታሩን ሳያነሳ ወሬ ጀመረ።

‹‹ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ጋራዥ ተመድቤያለሁ። ዓርብ የመጨረሻዬ ናት።››

‹‹እንዴ! እኔስ?››

‹‹አንቺማ ስትዝቺ ከረምሽ። ሃርሞኒካ ይዘሽ ከመጣሽ ዓርብ አብረን እንጫወታለን። ካልመጣሽ እግርሽን ብቻ ስትመቺ ቀረሽ። እኔ በጂ ነው የምጫወተው፤ እንዳትረሺ።››

ጂ የአንድ ድምፅ ስም ነው፤ ‹‹በጂ›› ሲባል ዘፈኑ ተነስቶ ተመልሶ የሚያርፈው በዚያ ድምፅ ነው፤ በቃ፣ የዘፈኑ ቤት እንደ ማለት። ሚጣ እጇ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችው። ጥፋቷ ማታ ለወንድሟ መናገሯ ነው። ሐሙስ ከሥራ ስትወጣ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

የሙዚቃ መሣሪያ ሱቁ ጠባብ ነው። ከጣሪያው ክራር የሚያህሉም በርሜል የሚያህሉም መሣሪያዎች ተንጠልጥለዋል፤ ባንኮኒው ላይ ሆዱ የተከፈተ ጊታር ተጋድሟል። ባለሱቋ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት ጊታር ጠጋኝ ናት። ሚጣ አፏን ከመክፈቷ በፊት ወንድም ጋሼ ጣቱን ቀሰረ።

‹‹ያንን ትልቁን አውርጂልን። በሁለት ረድፍ ሃያ አራት ቀዳዳ ያለውን።››

‹‹ለምን ዓይነት ዘፈን ነው፣ ጋሼ?››

‹‹ለብሉዝ ነው›› አለች ሚጣ። ‹‹ጀማሪ ነኝ።››

‹‹እሱማ አይሆንም›› አለች ባለሱቋ። ‹‹እያንዳንዱ ድምፅ ጥንድ ስለሆነ ይንቀጠቀጣል። ለረጋ ዜማ ያምራል፤ ለብሉዝ ግን ድምፁን በትንፋሽ ጎትቶ ወደ ታች ማጠፍ አለ፣ እሱ ደግሞ አይታጠፍም። ለእርስዎ የሚሆነው ይሄ ነው።›› ከመሳቢያ ውስጥ መዳፍ የማትሞላ ሃርሞኒካ አወጣች። ‹‹ባለ አሥር ቀዳዳ። ውስጡ ፕላስቲክ ነው፤ እንጨት በምራቅ ያብጥና ከንፈር ይልጣል።››

‹‹አሥር!›› አለ ወንድም ጋሼ። ‹‹አንቺ ልጅ፣ ሃያ አራት ከአሥር እንደሚበልጥ ለመናገር ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ማስተማር አያስፈልግም።››

‹‹ለቀዳዳማ ወንፊት ይበልጣል፣ ጋሼ።››

ሚጣ ሳቋን በመሀረብ አፈነችው። ወንድም ጋሼ መነጽሩን አስተካክሎ ትንሿን ሃርሞኒካ አገላበጣት፤ ጎኗ ላይ የተቀረጸውን የድምፅ ስም ሲያይ ፊቱ እንደ ፋኖስ በራ። ሰው ሲሳሳት መያዝን የመሰለ መድኃኒት ለዚህ ዓይነቱ ሰው የለም።

‹‹ሲ ይላል! በያጁ ያላት ጂ! እጇን አሳዪያት፣ ሚጣ።››

‹‹አውቃለሁ›› አለች ባለሱቋ። ‹‹በጂ ለሚጫወት ጊታር ብሉዝ ሲያጅቡ የሚያዘው ሲ ነው። ብሉዝ ላይ ከመንፋት መሳብ ስለሚበዛ ነው። ሲነፉት ሲን ይሰጣል፣ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሲስቡ ደግሞ ጂን። ለጀማሪም ሲ ይቀላል፤ ከፍ ያለም ዝቅ ያለም አይደለም።››

‹‹ጂ የሚፈልግ ሲ ይገዛል? ይሄማ የሻጭ ሒሳብ ነው! አስረጂኝ። እዚሁ፣ አሁን።››

ግድግዳው ላይ ‹‹አፍ የነካው አይመለስም›› የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ስለዚህ ባለሱቋ ሃርሞኒካ የምትሞክረው በአንዲት ትንሽ የእግር ወናፍ ነው። ሃርሞኒካዋን ወናፉ አፍ ላይ ገጠመች፣ ጊታሩን በጂ መታች፣ ወናፉን ረገጠች። ሁለቱ ድምፆች በአንድ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ጠበኞች ተገፋፉ።

‹‹ሰማሽ?›› አለ ወንድም ጋሼ፤ ሊያጨበጭብ ምንም አልቀረው።

‹‹ወናፉ እኮ መንፋት እንጂ መሳብ አይችልም፣ ጋሼ! የምስበው በምኔ ነው?››

‹‹እንግዲህ ማስረጃሽ የማይታይ ነው። ጂ የሚለውን አምጪ፣ እንሂድ!››

ባለሱቋ ትከሻዋን ነቅንቃ ጂ የሚለውንም አመጣች። ሁለቱ ሃርሞኒካዎች ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ መልካቸው አንድ፣ መጠናቸው አንድ። ወንድም ጋሼ ጂውን አንስቶ ወደ ሚጣ ገፋው። ልክ እንደ መነጽሩ፣ ልክ እንደ ስልኩ። ነገ ዓርብ ነው። የተሳሳተውን ይዛ ከሄደች ሁለተኛ ዕድል የላትም፤ በአፏ ሳትነካ ደግሞ የትኛው ትክክል እንደሆነ ማወቂያ የላትም። አንዴ ከነካች ያ የሷ ነው።

‹‹ወንድም ጋሼ›› አለች።

‹‹አቤት፣ ሚጣ።››

‹‹እስቲ አንዴ ዝም በል።››

ሲ የሚለውን አንስታ ከንፈሯ ላይ አደረገች።

‹‹ምን ማድረግሽ ነው! አይመለስም እኮ!›› ብሎ ጮኸ።

ሳበች። ከባድ ቆዳ መጎተት የለመደ ደረት ስላላት ገመድ እንደሚጎትት ሰው ሳበችው፤ ሃርሞኒካዋ አንዴ ‹‹ክ›› ብላ ተዘጋች።

‹‹ይኸው! ብልሽት ነው!››

‹‹ብልሽት አይደለም›› አለች ባለሱቋ። ‹‹እትዬ፣ ቀስ ይበሉ። እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው ይተንፍሱ። የመጀመሪያዎቹን አራት ቀዳዳዎች አንድ ላይ።›› ጊታሩን እንደገና በጂ መታች።

ሚጣ ዓይኗን ጨፍና በዝግታ ሳበች። ድምፁ ከጊታሩ ሥር ገብቶ ተቀመጠ። ግጭት የለ፣ ግፊያ የለ። ባለሱቋ በጊታሩ ወደ ዘፈኑ ሁለተኛ ማረፊያ፣ ወደ ሲ ተሻገረች፤ ‹‹አሁን ይንፉ!›› ሚጣ ነፋች፤ ያም ገጠመ። ሁለት ትንፋሽ ብቻ፣ አንዱ መሄጃ፣ አንዱ መመለሻ።

ወንድም ጋሼ ጉሮሮውን ጠርጎ ‹‹ሦስተኛው ቀዳዳ ትንሽ ዝቅ ይላል›› አለ።

ሁለቱም ሴቶች ዞር ብለው አላዩትም።

ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ ፍንጣሪ ሃርሞኒካዋን ተቀብሎ ጎኗን አነበበ፤ ቀና ብሎም አያት።

‹‹ጂ ብዬሽ ሲ ገዛሽ? ማን መረጠልሽ?››

‹‹ራሴ።››

‹‹እንዲህ ነው እንጂ! እኔ ሃርሞኒካ ልማር ብዬ የመጀመሪያዬን ጂ ገዝቼ ስድስት ወር ተሰቃይቻለሁ።››

ጀመረ። እሷ ሳበች። ወደ ሁለተኛው ሲሻገር ነፋች፣ ሲመለስ ሳበች። ዘፈኑ ሦስተኛው ማረፊያ ላይ ሲደርስ ግን በምታውቃቸው ሁለት ትንፋሾች የሚደረስበት ስላልሆነ ሃርሞኒካዋን ከአፏ አንስታ አሳለፈችው።

‹‹ተይው፣ እዚያ ጋ ዝም በይ!›› አለ እየሳቀ። ‹‹ዝም ማለት የማያውቅ ስንት ሙዚቀኛ አለ መሰለሽ!››

ጎማ ቀያሪዎቹ በመፍቻ በርሜል መምታት ጀመሩ። ከመኪና ሥር የወጣ ሰው ተመልሶ ሊገባ ረሳ። ሦስተኛውን ዙር ሊጨርሱ ሲሉ የሥራ ደወሉ ተደወለ፤ ሚጣ ደንግጣ አቆመች።

‹‹ሰዓቱ ደረሰ።››

‹‹የማን ሰዓት? ሰኞ ያባሩኝ እንደሆነ ከሌላ ጋራዥ ነው የሚያባሩኝ›› አለ ፍንጣሪ፤ ክሮቹን እንደገና በጂ መታ። ‹‹ሳቢ እንጂ፣ ሴትዮ!››

ሳበች።