የመዳፍ መስመር

መምህር ሲሱክ መዳፋቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ተመለከቱ። «ነግቷል» አሉና በባዶ እግራቸው ወደ መንደሩ አመሩ።

ከመነኮሳቱ ሰልፍ መጨረሻ የቆመው ቶንግዳም የራሱን መዳፍ ዘረጋ። የገዳሙ ሥርዓት ነው፤ የመዳፍ መስመር በንጋት ብርሃን ሳይለይ መነኩሴ ለምጽዋት ከደጅ አይወጣም። መዳፉ ድፍን ጥቁር ነበር። ሆኖም ተከተለ።

ሃያ ስድስት ዓመት በሜኮንግ ወንዝ ላይ ሰው ሲያሻግር ኖሮ፣ ሚስቱ ስትሞት፣ በዚህ ክረምት ሱባኤ መግቢያ ላይ መነኮሰ። በዕድሜ ከመምህሩ ቀጥሎ ነው፤ በምንኩስና ግን የገዳሙ አምስት መነኮሳት ሁሉ ታናሽ። የቀዛፊ ዓይን ነውና የመምህሩን ነገር ቀድሞ ነቃበት። ደረጃውን በእግራቸው ጣት ይዳስሳሉ። መጽሐፉን ገልብጠው ይዘው ቃሉን ሳይስቱ ያነብባሉ። አርባ ዓመት ሙሉ ደማቸውን የምትመጥ ትንኝን እንኳ እፍ ብለው ብቻ የሸኙ፣ ከሳህናቸው የሚጥመውን ለሌላው አሳልፈው የተረፈውን የሚበሉ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለውን ሰው «ዓይንዎ ጠፍቷል» የሚል አፍ ከየት ይመጣል?

ሴቶቹ በመንገዱ ዳር ተንበርክከው ድብልብል ሩዛቸውን በየሳህኑ ይጥላሉ። ሰጪ አይናገርም፤ ተቀባይም አያመሰግንም። ከቤታቸው ደጃፍ ካለው የሮቃ ዛፍ ሥር፣ በመምህሩ ቀኝ በኩል፣ እማማ ቻንሲ ብቻቸውን ምንጣፍ ላይ ሆነው ሩዛቸውን ከፍ አድርገው ይዘዋል። መምህሩ አለፏቸው። መሪ ባለፈበት ተከታይ አይቆምም። ቶንግዳምም ሲያልፍ፣ በአሮጊቷ እጅ ላይ እንፋሎቱ ገና ይጨስ ነበር።

ቀትር ላይ እማማ ቻንሲ ከገዳሙ የውሃ ጋን አጠገብ መጡበት።

«አንተ ቶንግዳም... ውይ፣ አባ! ጀልባህ ላይ ስንሰዳደብ ኖረን አፌ እንዴት ይልመድ?» ሳቁ፤ ሳቁ ግን አልቆየም። «ሳህን ደፉብኝ አይደል?»

መነኮሳት ምጽዋቱን ያልተቀበሉት ሰው ሳህን ተደፋበት ይባላል። በመንደሩ ከዚህ የከፋ ውርደት የለም።

«ኧረ አይደለም፣ እማማ...»

«ተወኝ እባክህ! አምና የሩዝ አረቄ መሸጤን ሰምተው ነው። ነገ አልወጣም። እሳትም አልጭርም።»

የመምህሩን ገመና ለመምህሩ ሳይናገር ለሌላ ማውጣት አልሆነለትም። «እስከ ነገ ይታገሡኝ» አለ።

«አንተም እኮ አልፈኸኛል» ብለውት ሄዱ።

ዕለቱ የሱባኤው መዝጊያ ነበር። ከሰዓት በኋላ አምስቱ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። በሥርዓቱ መሠረት ሁሉም በየተራ ጥፋቱን ይጠይቃልና መምህሩ ቀድመው ተንበረከኩ፤ እጃቸውንም አጋጠሙ።

«ያያችሁብኝ፣ የሰማችሁብኝ፣ የጠረጠራችሁብኝ ጥፋት ካለ በርኅራኄ ንገሩኝ። ሳውቀው አርመዋለሁ።»

ሦስት ጊዜ አሉት። ለዓመታት መልሱ ዝምታ ነበር።

«እኔ አለኝ» አለ ቶንግዳም።

ከጎኑ የተቀመጠው አባ ኑፓን በክርኑ ጎሸመው። «አብደሃል እንዴ?» አለው በሹክሹክታ።

«ዛሬ ሳይነጋ ወጣን፣ መምህር። እማማ ቻንሲን አላዩአቸውም። ሳህን የተደፋባቸው መስሏቸው ነገ አልወጣም ብለዋል።»

መምህሩ ፊታቸውን ወደ ድምፁ መለሱ።

«ካወቅህ ስንት ጊዜ ሆነህ?»

«ክረምቱን ሙሉ።»

«ሦስት ወር ዝም አልህ ማለት ነው።» ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ፈገግታ ታየ። «እንግዲህ ተራህ ሲደርስ ይህን ጥፋትህን አትርሳ።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መምህሩ የሰልፉን ተራ አልጠበቁም። ቶንግዳምን ከኋላ ጠርተው መዳፋቸውን ወደ እሱ ዘረጉ።

«ይለያል?»

«ገና ነው።»

ጠበቁ። በተሰነጣጠቀው አሮጌ መዳፍ ላይ መጀመሪያ አንዱ መስመር፣ ከዚያም ሌሎቹ ቀስ እያሉ ወጡ። ቶንግዳም ትከሻውን ሰጣቸው።

ከሮቃው ዛፍ ሥር ምንጣፍ አልነበረም። ከቤቱም ጭስ አይወጣም። ቶንግዳም ቆመና «እዚህ ነው» አለ በለሆሳስ።

መምህሩ ወደ ተዘጋው በር ዞሩ። የሳህናቸውን ክዳን አንሥተው ሳይናገሩ ቆሙ። አምስቱም ቆሙ። ፀሐይ ጣሪያውን ነካች።

ከውስጥ የእንጨቱ ወለል ሲጢጥ አለ።