ያበበው እንሰት

ካዛንቺስ ግቢ ያለው ሰው መኪና ያቆምበታል። ወይዘሮ ሪሐና ግን እንሰት ተክለውበታል፤ አንድ እንሰት፣ ስምንት ዓመቱ። አገር ቤት የነበሩት ወንድሞቹ በአጠውልግ በሽታ አንድም ሳይተርፉ አልቀዋልና ይህን እንደ ዓይናቸው ብሌን ነበር የሚጠብቁት።

በጥር ከአናቱ እምቡጥ ብቅ አለ። ወይዘሮ ሪሐና ወዲያው ገጀራ ይዘው ወጡ። እውነታቸውን ነው፤ እንሰት የሚቆረጠው ሳያብብ ነው። ካበበ ምግቡን ሁሉ አበባው ይበላውና ራሱም ይሞታል። አሁን ከተቆረጠ ግን ቆጮው ለአረፋ ይደርሳል፤ ከመሬት በታች ያለው አምቾም ተሰንጥቆ ሲቀበር አርባ ችግኝ ያወጣል።

በዕፅዋት ቤተ ሙከራ የምትሠራው ልጃቸው ኢኽላስ እንሰቱን ከልላ ቆማለች።

"ዞር በይ።"

"እማ፣ አርባው ችግኝ እኮ በቃ ያው እሱ ራሱ ነው፣ ኮፒ! በሽታው አንዱን ከገደለ ሁሉንም ይገድላል፤ አገር ቤት አላየሽም እንዴ? ዘሩ ግን ልጅ ነው። እናትም አባትም አለው፣ እያንዳንዱ የየራሱ ነው። ምናልባት አንዱ በሽታውን ይቋቋማል።"

"በምናልባት ቤት አይቆምም። ያለኝ ይኸው አንድ ነው!"

"እንግዲያው መጀመሪያ እኔን ቁረጪ።"

ወይዘሮ ሪሐና ገጀራውን ወርውረው ገቡ። ከዚያ ወዲህ ከልጃቸው ጋር ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልተለዋወጡም። ሰፈሩ ወሬ አይጠላምና "የተማረች ልጅ የእናቷን ጉሮሮ ዘጋች" አለ። ይበል! ኢኽላስ ቡልጋሪያ ሰፈር አንድ ግቢ ካበበ ሌላ እንሰት የወንዴ አበባ ብናኝ በወረቀት ጠቅልላ እያመጣች፣ መሰላል ላይ ወጥታ ሴቴዎቹን አበቦች በብሩሽ ስትዳስስ ከረመች።

ፍሬው ደረሰ፤ እንሰቱ ደርቆ ወደቀ። የእንሰት ዘር ድንጋይ ነው፤ ቢዘሩትም እምብዛም አይበቅልም። ስለዚህ እየሰበረች፣ ከሩዝ የምታንሰውን ፅንስ በመርፌ ጫፍ እያወጣች፣ ቤተ ሙከራዋ ውስጥ፣ ጠርሙስ ውስጥ እንደ ጄሊ በረጋ የዕፅዋት ምግብ ላይ አስቀመጠች። ከሰበረቻቸው ሁለት መቶ ዘሮች አብዛኛው ባዶ ነበር፤ ፅንሱ ገና ሲጀምር ከስሟል። ከቀሩት ብዙዎቹ ሻገቱ። ሻጋታውን ያየች ቀን ኢኽላስ በሩን ዘግታ አለቀሰች።

አራት ተረፉ። ክንድ ሲያክሉ ቤት አመጣቻቸው። የአንዷ ቅጠል ጠርዙ ቀይ ነው፣ ሌላዋ ወፍራም፣ ሁለቱ ቀጫጭን፤ አንዳቸውም እናታቸውን አይመስሉም። ወይዘሮ ሪሐና እየዞሩ አዩአቸው።

"የትኛዋ ናት የምትቋቋመው?"

"አላውቅም፣ እማ።"

"እንግዲያው አገር ቤት እንሄዳለን። ወገኖቻቸው ካለቁበት መሬት ላይ ትተክያቸዋለሽ።"

ኢኽላስ ደነገጠች። ሁለት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ያጣችባቸው ናቸው። "ቢሞቱስ? ማለቴ... ሁለቱን ብቻ እንውሰድ፣ ሁለቱ እዚህ ይቆዩልኝ።"

"አራቱንም።"

"እማ፣ ሌላ የለኝም እኮ!"

ወይዘሮ ሪሐና ቀና ብለው አዩአት። "እኔስ ስንት እንሰት ነበረኝ?"

ኢኽላስ ካርቶን አመጣችና አራቱንም ደረደረቻቸው።