አንዴ ብቻ ይሰካ

ኢንጂነሯ ቢሮው ውስጥ ከሁሉ አብልጣ የምትጠላው የዋና መሐንዲሱን ፈገግታ ነው። ሰውየው አዲሱን የኤሌክትሮኒክ ካርድ ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ገና ሳይሰካ በራሱ ሲደሰት ነበር። ካርዱ ለሆስፒታል የኃይል ሣጥን የተሠራ፣ ሣጥኑ እንደበራ ተነቅሎ የሚቀየር ነው፤ የበሽተኞቹ መተንፈሻ ማሽኖች የሚሠሩት በእሱ ነው።

«ትራንዚስተሩን አየሽው? ጥፍር ነው የሚያክለው! ከረንት የሚያግድበት ሬዚስታንስ የለም ማለት ይቻላል፤ አይሞቅም።»

«ከበራ በኋላ አይሞቅም፣ ጋሼ። ጉዱ ያለው ሲሰካ ነው፤ ያኔ ይግላል። ካርዱ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ አጠራቃሚ ካፓሲተር ከባዶ እስኪሞላ፣ ቮልቴጁንም ከረንቱንም አንድ ላይ የሚሸከመው ትራንዚስተሩ ነው። የድሮው ወፍራሙ ትራንዚስተር ይችለዋል፤ ይሄ አይችልም።»

«ወፍራሙ እኮ አሮጌ ነው። ለደንበኛ ማሳየቱ ራሱ ያሳፍራል።»

ያሳፍራል! ሰው ትንፋሽ ቢያጥረው የማያፍር፣ በዕቃ ዕድሜ ያፍራል። አፏ ድረስ የመጣውን ስድብ ዋጠችው።

ሊረከብ የመጣው የሆስፒታሉ ቴክኒሻን የገዛ ታላቅ ወንድሟ ነበር። ካርዱን ቢሮው ውስጥ ባለው መሞከሪያ ሣጥን ላይ ሲሰካው አረንጓዴዋ መብራት በራች። ዋና መሐንዲሱ ወደ እሷ ዞሮ ያንን ፈገግታውን አሳያት።

«እስቲ ወንድምዓለም፣ ሆስፒታል እንደምታደርጉት አድርገው» አለች።

ወንድሟ ወዲያው ገባው። መብራቷ ከዘገየች ቴክኒሻን የሆነ ሁሉ ነቅሎ ይሰካል፤ አሁንም ይነቅላል፣ አሁንም ይሰካል። ዋና መሐንዲሱ የሞከረው ግን አንዴ፣ ዕቃው ቀዝቅዞ ሳለ ብቻ ነበር። ወንድሟ ነቀለ፣ ሰካ። ነቀለ፣ ሰካ። ካርዱ ጠሽ አለና መብራቷ ጠፋች፤ የሚያቅለሸልሽ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞላው።

«አቧራ ነው» አለ ዋና መሐንዲሱ መስኮት እየከፈተ። ከዚያ ፊቱ ፈካ። «ምን ችግር አለው! "አንዴ ብቻ ይሰካ" የሚል ጽሑፍ እንለጥፍበታለን።»

«እንግዲያው በሽተኛውም ላይ "አንዴ ብቻ ተንፍስ" ብለው ይለጥፉልኛ!» ወንድሟ ካርዱን ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። «አልረከብም።»

ዋና መሐንዲሱ ጉሮሮውን ጠራረገና ወደ እሷ ዞረ።

«አንቺም እኮ ችግርሽ ይሄ ነው። ወፍራሙ ይሁን ስል አትሰሚኝም።»

ወንድሟ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። እሷ ግን አልሳቀችም። ኮምፒውተሯን ከፍታ ወፍራሙን ዲዛይኑ ላይ መለሰችው፤ ከዚያ ተነስታ እጇን በሳሙና ደጋግማ ታጠበች። ሽታው አልለቀቃትም።