ወደ ጎረቤት ያበበ አጋም

ሶሬሳ አጋሙን የተከለው ደርዊሽን እንዲወጋለት ነው።

ነገሩ የጀመረው በኢሱዙ ነበር። ደርዊሽ ከወሎ መጥቶ ቃሊቲ፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ፣ ከሶሬሳ አጠገብ ያለውን ግቢ ከገዛ ገና ሦስት ወሩ ነው። አንድ ጠዋት የጭነት መኪናውን ወደ ኋላ ሲያስገባ በሁለቱ ግቢ መካከል የነበረውን የእንጨት አጥር ጠራርጎ ጣለው። ወዲያው ከመኪናው ዘሎ ወርዶ፣ "አብሽሩ ጋሽ ሶሬሳ፣ ነገውኑ አሠራዋለሁ" አለ። ቃሉንም አላጠፈም፤ በማግስቱ ሠራተኞች አምጥቶ የብረት ቋሚ አስተክሎ ሽቦ አስወጠረበት።

ሶሬሳ ግን ሠራተኞቹ ሲሄዱ ከቤቱ ጥግ ጀምሮ በእርምጃ ለካ። ለካና ፊቱ ጠቆረ። አጥሩ ስንዝር ያህል ወደሱ ገብቷል።

ለሌላ ሰው ስንዝር ምንም አይደለችም። የሶሬሳ አባት ግን ከወንዙ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሽምብራ ይዘሩበት ከነበረው መሬት ለልጃቸው የተረፈው ይሄ ግቢ ብቻ ነው። የቀረውን መጋዘንና ፋብሪካ ወርሶታል። ከተረፈችው ላይ ደግሞ ስንዝር ስትቆረስ ሰውየው ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ።

"ክሰሰዋ!" አሉት የዕድር ጓደኞቹ።

"ፍርድ ቤት የሚሰጠኝ ቀጠሮ ነው" አለ ሶሬሳ። "እኔ የምፈልገው የሚወጋ ነገር ነው።"

ከገላን ወዲያ ለሚኖረው ለአጎቱ ልጅ ለጀቤሳ ደውሎ ከጋራው ላይ አሥራ ስምንት የአጋም ችግኝ አስመጣ። ከፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንዲህ ተግቶ ሠርቶ አያውቅም። ሚስቱ አለሚቱ ሽቦውን ተከትሎ ጉድጓድ ሲቆፍር በረንዳ ላይ ቆማ አየችው።

"ሰው ደጁ ላይ ጽጌረዳ ይተክላል። አንተ አጋም?"

"አጋም የተጠጋ ቁልቋል ምን ሲያደርግ ይኖራል?"

"ሲያለቅስ" አለች አለሚቱ።

"እንግዲህ ቁልቋሉ ማን እንደሆነ እናያለን!"

አለሚቱ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ሶሬሳ ወዴት እንደሄደች እንኳ ልብ አላለም፤ ሥራ ላይ ነበር።

አራት ዓመት አሳደገው። በበጋ የልብስ እጣቢ ሳይቀር እያንቆረቆረ አጠጣው፤ ፍግ በጆንያ እየገዛ አለበሰው፤ የጎረቤት ፍየል አንዱን ቅርንጫፍ የቀነጠሰች ቀን ምሳ አልበላም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከደርዊሽ ጋር አልተነጋገረም። ደርዊሽ በጠዋት ሲያገኘው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "እንዴት አደሩ ጋሽ ሶሬሳ!" ይላል። ሶሬሳ ደግሞ ዝናብ እንደሚጠብቅ ገበሬ አንጋጦ ሰማይ ያያል። የገረመው ነገር ሰውየው አለመሰልቸቱ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ሰላምታውን ሳያቋርጥ፣ ፈገግታውን ሳይቀንስ!

"ይሄ ሰው ሞኝ ነው ወይስ ነገረኛ?" ይላል ሶሬሳ ለራሱ።

በሁለተኛው ዓመት ላይ ሶሬሳ ለቂሊንጦ ፋብሪካ ሠራተኞች የሚያከራየው ባለ አንድ ፎቅ ሰርቪስ በግቢው አሠራ። ቤቱ ከአጋሙ አምስት እርምጃ ርቆ ቆመ። ጥላው የት እንደሚያርፍ ማንም አላሰበም።

በአራተኛው ዓመት አጋሙ አበበ። ሶሬሳ አንድ ጠዋት በሩን ሲከፍት ሰፈሩን ሁሉ የሞላ፣ ከናፍጣውና ከሲሚንቶው አቧራ በላይ የሚጣፍጥ ሽታ አወደው። ልቡ በደስታ ዘለለ። ሮጦ ሄዶ ቢያይ ግን በሱ በኩል ያለው እንጨትና እሾህ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ እሾህ የልብስ መስፊያ መርፌ ያህላል። አንገቱን አስግጎ ወደ ማዶ ሲያይ አጋሙ ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሶ ደርዊሽ ግቢ ውስጥ ተዘርግቷል። ተክል የሚሄደው ብርሃን ወዳለበት ነው። በሶሬሳ በኩል ያለውን ብርሃን የጋረደው ደግሞ የገዛ ፎቁ ነው።

በዚያ ወር የዕድር ስብሰባ ላይ ጸሐፊዋ አሰለፈች ገና መዝገቡን ሳትከፍት፣ "ደርዊሽ፣ በደጅህ ሳልፍ እኮ እግሬ ይተሳሰራል! ምን ብትተክል ነው?" አለች።

ደርዊሽ አቀረቀረና፣ "የኔ አይደለም። የጋሽ ሶሬሳ ሥራ ነው" አለ።

ሰው ሁሉ ወደ ሶሬሳ ዞሮ ፈገግ አለ። ሶሬሳ ደሙ ፈላ። ሲሳለቅብኝ ነው አለ በልቡ፤ እሾሁን ለኔ፣ አበባውን ለሱ አድርጎ ሲያበቃ በሰው ፊት ያሾፍብኛል!

አበባው ረግፎ ፍሬው ሲጠቁር ነገሩ ባሰ። መንገደኛው በደርዊሽ በር እየገባ ይለቅማል፤ የደርዊሽ ሚስት ጀዋሂር በሳህን እያደረገች ለሰፈሩ ታድላለች። ሶሬሳ አንድ ፍሬ ለመቅጠፍ እጁን ሰዶ እስከ ክርኑ ተቦጫጨረ። ያን ዕለት ቆረጠ፤ አናቱን ከነፍሬው ጨፍጭፎ ሊጥለው።

ቀኑን መርጦ፣ ደርዊሽ ከጅቡቲ መንገድ ተመልሶ በሚተኛበት በእኩለ ቀን፣ አለሚቱም ገበያ በሄደችበት፣ የባሕር ዛፍ መሰላሉን ሽቦው ላይ አስደግፎ መጋዝ ይዞ ወጣ። ሁለት ቅርንጫፍ ጣለ። ሦስተኛው ትንሽ ራቅ ያለ ነበር። ሶሬሳ ተንጠራራ፤ መሰላሉ ተንሸራተተ፤ ስድሳ ሦስት ዓመት የኖረው ሰውዬ ባሳደገው አጋም ላይ በደረቱ ተዘረጋ።

ወደ ታች እንዳይወርድ እሾሁ ያዘው። ወደ ላይ እንዳይነሳ እሾሁ ያዘው። ኮቱ፣ ሱሪው፣ ጆሮው ሳይቀር ተያዘ። ቢጮህ የሚሰማው ማን ነው? ደርዊሽ። ጥርሱን ነክሶ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ጮኸ።

"ያ አላህ! ደርዊሽ! ተነሳ፣ ጋሼ ሞቱ!" አለች ጀዋሂር ከማዶ።

ደርዊሽ በሽርጥ፣ በባዶ እግሩ ወጣ። አንድ አፍታ አየና ሮጦ የኢሱዙውን ሸራ አመጣ። አጥፎ አጋሙ ላይ ጣለው፤ እሱ በላዩ በደረቱ ተኝቶ ሶሬሳን በብብቱ ይዞ ጎተተው። የጎተተው ግን ወደ ራሱ ግቢ ነው። ሶሬሳ በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የጎረቤቱን ደጅ ረገጠ፤ እሱም በጀርባው ነው።

ጀዋሂር የሚታየውን እሾህ በመርፌ ነቅላ ከጨረሰች በኋላ ደርዊሽ ኢሱዙው ላይ አሳፍሮ ጤና ጣቢያ ወሰደው። ተራ እስኪደርስ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

"ምነው ጋሽ ሶሬሳ፣ በዚህ ዕድሜዎ መሰላል?" አለ ደርዊሽ። "ፍሬው አምሮዎት ከሆነ ለኛ አይነግሩንም? ጀዋሂር በየሳምንቱ የምትልከው አነሰ?"

"በየሳምንቱ?" አለ ሶሬሳ።

"ለእትዬ አለሚቱ ነዋ የምትሰጣት።" ደርዊሽ መሬት መሬት እያየ ቀጠለ። "እኔ እርስዎን ማመስገን ፈልጌ አፌ አልታዘዝ ብሎኝ ነው የኖርኩት። አጥር የሰበረን ሰው፣ ሰው ይከሳል። እርስዎ አበባ ተከሉልኝ። ወላሂ፣ ሽታው ሲያውደኝ አገሬ ያለሁ ነው የሚመስለኝ። ያን ቀን እትዬ አለሚቱ መጥታ ባትነግረን ኖሮ እኮ አይገባንም ነበር።"

"ምን ብላ ነገረቻችሁ?"

"'ሶሬሳ ይቅር ብሎሃል፤ ግን አፉ ከባድ ነው። ይቅርታውን በእጁ እየተከለልህ ነው። ሰላም ስትለው ሰማይ ሰማይ ቢያይ እንዳትቀየም' አለችን።"

ሶሬሳ የተወጋው ቦታ ሁሉ ባንዴ ጠዘጠዘው።

"እኔም ከዚያ ወዲያ ውሃ ሲጠፋ በርሜላችሁን መሙላት እንጂ ሌላ ምን አደረግኩ? ውለታዎን አይመልስም" አለ ደርዊሽ። "ስንዝሯንም ቢሆን ሠራተኞቹ ተሳስተው ወደኔ ሲያስገቡት ነው ያየሁት። ለጋሽ ሶሬሳ ትሁን፣ ተዉት አልኳቸው።"

"ወዳንተ ነው የገባው?"

"አብሽሩ፣ ምን አላት ስንዝር!"

ሶሬሳ አፉን ከፈተ። እውነቱ ምላሱ ላይ ነበር። ደርዊሽ ግን እስካሁን በሽርጥ መሆኑን አየ፤ ክንዱም እስከ ትከሻው ተቦጫጭሮ ደም ቋጥሯል። ነርሷ ስሙን ጠራችው።

"ምንም አይደል" አለ ሶሬሳ እየተነሳ።

ማታ አለሚቱ ቅባት እየቀባችው፣ "ውሃውን ከጋሪ ነው የምገዛው አላልሽም?" አላት።

"ብዬ ነበር።"

"ፍሬውንስ?"

"ከጉሊት ነው ያልኩህን በልተህ፣ 'ይሄኛው ከጋራ ላይ የወረደ አጋም ነው፣ ከደርዊሽ ይበልጣል' አላልክም?"

"አራት ዓመት ሙሉ ዋሽተሽኛል!"

"እኔ ሰው ከሰው ጋር ነው የምኖረው" አለች አለሚቱ፣ የደረቱን ቁስል ጠበቅ አድርጋ እየቀባች። "አንተ ለጠብህ ውሃ ስታጠጣ፣ እኔ ደግሞ ለጉርብትናዬ አጠጣሁ። የማን እንደበቀለ ሄደህ እየው። ዝም ብለህ ተኛ አሁን።"

በማግስቱ ሶሬሳ ሜትር ከመሳቢያ አወጣ። ወደ ቤቱ ጥግ ሄደ። ጫፉን ግድግዳው ላይ ካያያዘ በኋላ አሻግሮ አጥሩን አየ። ከዚያ ሳይዘረጋው ጠቅልሎ መለሰው።

ደርዊሽ ግን ዝም አላለም። "ጋሽ ሶሬሳ አናቱን ሊገርዙልኝ ወጥተው ነው የወደቁት" ብሎ በዕድሩ ሁሉ አወራ። ወር ሳይሞላ ቀነኒሳና ሉላ የሚባሉ ጎረቤታሞች በቦይ ወሰን ተጣልተው ሽማግሌ ሲመረጥ ሁለቱም አንድ ስም ጠሩ። "በአበባ የታረቀው ሰውዬ ይምጣልን" አሉ።

ሶሬሳ ሽማግሌ ሆኖ ተቀመጠ። ቀነኒሳ ጮኸ፤ ሉላ አለቀሰች። ሶሬሳ የሚለው ስለጠፋው ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝም ሁለቱም እየበረዱ መጡ። አሰለፈች፣ "እስኪ ጋሼ፣ ንዴትዎን እንዴት አሸነፉት? ለነዚህም ይንገሯቸው" አለች።

"እኔ አላሸነፍኩም" አለ ሶሬሳ። ሸክም የሚያራግፍ ይመስል ተነፈሰ። "አጋሙን የተከልኩት እንዲወጋው ነው። አራት ዓመት ነው የጠላሁት። የታረቀችው ሚስቴ ናት።"

አሰለፈች በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

"አያችሁ ትሕትና!" አለች። "ክብሩን እንኳ ለሚስቱ ሰጠ!"

ቀነኒሳ ተነስቶ የሉላን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ፤ ሉላም አትሞክረው ብላ በትከሻው ቀና አደረገችው። ሶሬሳ ደርዊሽን ፈልጎ አየው። ደርዊሽ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ፈገግ አላለም። ዓይኑ ሶሬሳ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ጭንቅላቱን በቀስታ ነቀነቀ። እውነት ነው ብሎ የሰማው ደርዊሽ ብቻ ነበር።

አብረው ወጡ። አስፋልቱ ዳር ተሳቢ መኪኖች እስኪያልፉ ቆሙ። አቧራው ሲረግብ ሶሬሳ ጉሮሮውን ጠራረገ።

"ለመሆኑ ነገ ወዴት ነው የምትጭነው?" አለ።

"ኮምቦልቻ" አለ ደርዊሽ፤ ክንዱን ይዞት መንገዱን ተሻገሩ።