በወንዙ በኩል ያለው መቀመጫ

ጡረተኛዋ መምህርት ኤቴልካ ከገጠር መጥተው ቡዳፔስትን የሚያዩበት አንድ ቀን ብቻ ነበራቸው። ግን ገና የቤተ መንግሥቱን ኮረብታ መውጣት ሲጀምሩ ጉልበታቸው ከዳቸው። ከፍቷቸው፣ እግራቸውን ለማሳረፍ ያህል በዳኑብ ወንዝ ዳር በሚሄደው ትራም ተሳፈሩ።

ሾፌሩ ሲገቡ አያቸውና ጮኸ። «ቲቸር! ኦዶን ነኝ እኮ!»

«አንተ የማባዛት ጠላት! ደግሞ ትራም አምነው ሰጡህ?»

ኦዶን እየሳቀ ድምፅ ማጉያውን አነሳ። «ተሳፋሪዎች፣ ማንበብ ያስተማሩኝ መምህሬ መጥተዋል፤ እባካችሁ በወንዙ በኩል ቦታ ልቀቁላቸው!»

ሁለት ሰዎች ባንዴ ብድግ አሉ። ኦዶንም ፓርላማውን፣ ድልድዮቹን፣ ማዶ ያለውን ቤተ መንግሥት እየጠራ አሳያቸው። መምህርቷ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። ሲወርዱ ግንባሩን ስመው፣ «ጉልበቴ የነፈገኝን አንተ ሰጠኸኝ፤ ዕድሜህ ይርዘም» ብለው መረቁት።