የከላቡ ከንፈር

እና ደግሞ ያው በቀኝ በኩል ብቻ፣ ግራው ንጹሕ ነው፣ ሮዝ፣ ምንም ያልነካው፣ ቀኙ ግን ላይኛው ከንፈሩ ተልጧል፣ ጠርዙ አብጦ መሐሉ ጎድጉዷል፣ አትንፈራገጥ አንተ፣ ያዝኩህ እንጂ አላረድኩህ፣ በእማ አሮጌ ሽርጥ ጠቅልዬው ጭንቅላቱ ብቻ ወጥቷል፣ ከላቡ፣ ግራጫው ድመት፣ የቤቱ ጌታ፣ ጭኔ ላይ ሆኖ በጥላቻ ያየኛል። እየኝ። ጥጡን ለብ ባለ የጨው ውሃ ነክሬ አስጠጋለሁ፣ ሐኪሟ አትፈትጊው ነው ያለችው፣ ነካ፣ ነካ፣ ለሃጩ በክንዴ ላይ ይወርዳል፣ ይሸታል፣ ይሽተት፣ የሰው አፍም ሲታመም ይሸታል።

እማ በረንዳው ላይ ናት። ዘነዘናዋን እሰማለሁ፣ ጥርሷ ካለቀ ወዲህ ሲሪህዋን በትንሿ የናስ ሙቀጫ ወቅጣ ነው የምታኝከው፣ ቅጠሉን፣ ፒናንግ የሚባለውን ጠንካራ ፍሬ፣ ቅጠሉ ላይ የሚቀባውን ኖራ፣ ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የማዳምጠው ይኼን ድምፅ ነው፣ ካለ አለች፣ ከዚያ ተነስቼ ሻይ እጥዳለሁ። ምግብ ግን አልቀመሰችም። ትናንትም ያው፣ ውሃና ሲሪህ፣ ሲሪህና ውሃ። ምክንያቱ ይኸው እዚህ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ድመቱ ሳይበላ እማ አትበላም፣ ድሮም እንዲሁ ናት፣ አባቴ በሕይወት ሳለ፣ ሴትዮ፣ ባልሽ እኔ ነኝ ወይስ እሱ፣ እያለ ይቀልድባት ነበር፣ እሷም፣ አንተ ራበኝ ማለት ትችላለህ፣ ትለዋለች፣ በቃ፣ ሌላ ማብራሪያ የለም። አሁን ድመቱ አፉ ታመመ፣ ድመቱ መብላት ተወ፣ እናቴም መብላት ተወች። ቀሚሷን በቅርቡ አጥብቤላት ነበር፣ ዛሬ እንደገና ሰፍቷታል፣ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሰው ሲያልቅ መጀመሪያ የሚነግረኝ ጨርቁ ነው።

ፈራሁ። ይኸው አልኩት።

ወንድሜ ከኳላ ላምፑር ይደውላል፣ ድመቱን ለሰው ስጪው፣ ትረሳዋለች፣ አዲስ እንገዛላታለን፣ ይላል፣ ለእሱ ሁሉ ነገር ከሱቅ ነው። ጎረቤታችን ካክ ሴናህ ደግሞ፣ አይጥ ነክሶት ነው፣ እርድ ቀቢው፣ አለችኝ፣ ቀባሁት፣ ራሱን አራግፎ ግድግዳውን፣ መጋረጃውን፣ የሰው ሠርግ ልብስ ሳይቀር ቢጫ አደረገልኝ፣ ቁስሉ ግን ያው፣ እንዲያውም ባሰበት፣ ድመት ድሮ አይጥ ይነክስ ነበር፣ ዘመኑ ተገላበጠ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ነው በቅርጫት አድርጌ ኮታ ባሩ ከተማ፣ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ የወሰድኩት።

ዶክተር ኒክ ፋራህ፣ ልጅ እግር ናት፣ ድምጿ ግን የዳኛ። አፉን ከፍታ በባትሪ አየችው፣ ጥርሱ ደህና፣ ድዱ ደህና፣ ምላሱ ደህና፣ ቆዳውን ገልጣ ቁንጫ ፈለገች፣ የለም። የድመት ከንፈር በብዙ ምክንያት ይቆስላል እመቤቴ፣ አለች፣ በቁንጫ ንክሻ፣ በጥርስ ሕመም፣ በማይስማማ ምግብ፣ በፕላስቲክ ሳህን፣ የሚበላበት ሳህን ምንድን ነው? ፕላስቲክ፣ አልኳት። በብረት ይቀየር፣ አለች፣ ለሰው የተሠራ ቅባት ፈጽሞ እንዳይነካው፣ ይልሰዋል፣ ይመረዛል፣ መርፌ ወጋችው፣ የሚዋጥ ሰጠችኝ፣ ካልዳነ መልሺው አለችኝ፣ ከቁስሉ ትንሽ ቆርጬ እመረምራለሁ፣ አልፎ አልፎ ክፉ ነገር ሊሆን ይችላል። ልወጣ ስል ደግሞ፣ አንድ ጎን ብቻ መሆኑ ግን አልተዋጠልኝም፣ የሚነካውን ነገር ፈልጊ።

ሳህኑን ቀየርኩ። የሚያብረቀርቅ የብረት ሳህን፣ ከላቡ ፊቱን አይቶበት ዞር አለ።

ክኒኑ። እሺ ጌታዬ፣ አሁን ክኒኑ፣ አፍህን፣ አውራ ጣቴን ከአገጩ ሥር አደርጋለሁ፣ በሌባ ጣቴ ከንፈሩን ከፍ፣ እንዲህ፣ ቸግሮኝ ነው እንጂ አልጨክንብህም፣ ከፍ፣ እና ጣቴ፣ ቆይ፣ ጣቴ የት ነው ያረፈችው፣ ልክ ቁስሉ ላይ። ጣቴን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ፣ ልክ። ጎድጓዳው የእኔን ጣት ጫፍ ያህል ነው፣ እየለካሁ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ልክ አይጠፋኝም። በቀኝ እጅ የሚያጎርሰው ሰው ጣት የሚያርፍበት ቦታ ነው።

ግን ከላቡን የሚያጎርሰው ማነው።

በሳህን መች በልቶ ያውቃል! ሳህኑ ለውሃ ነው፣ ዶክተሯ ስትጠይቀኝ ሳህን አልኳት፣ ሰው ድመት በምን ታበላላችሁ ሲባል ሳህን ነው የሚለው፣ እናቴ ዓሣውን እሾሁን ለቅማ፣ ከሩዝ ጋር ለውሳ፣ አንድ በአንድ ታጎርሰዋለች ይባላል እንዴ፣ ዕድሜ ልኬን ስላየሁት አላየሁትም። እማ። የእማ ሌባ ጣት። ኖራውን ከሲሪህ ሣጥኗ የምታነሳው በየትኛው ነው፣ በእሷው፣ ጫፏን ነከር፣ ቅጠሉ ላይ ቀባ፣ ጥፍሯ ሥር ሁልጊዜ ነጭ ነው፣ ያ ነጭ ከጣቷ የበቀለ ነበር የሚመስለኝ። ልጅ ሆኜ ሣጥኗን ሰርቄ ኖራውን ስልሰው ምላሴ ተልጦ ገንፎ ብቻ በልቻለሁ፣ ኖራ እኮ ነው፣ ግድግዳ የሚቀባበት። ሙቀጫው ከመጣ ወዲህ ደግሞ ይባስ ብላ በዚያችው ጣት ትጠርገዋለች። እጇንስ አትታጠብም? ትታጠባለች፣ እማ ሳትታጠብ እህል አትነካም፣ ግን ለራሷ እህል ነው፣ ድመቱ ይቀድማል፣ ከዚያ ማንቆርቆሪያው ይመጣል፣ ከዚያ እሷ ትበላለች። ሲሪህ፣ ድመት፣ ውሃ፣ ምግብ። ውሃው የሚመጣው ከእሱ በኋላ ነው።

ከላቡን እፈታዋለሁ። ከስፌት መኪናዬ ሥር ይገባል፣ ሽርጡ እጄ ላይ ቀረ።

ዘነዘናው ይሰማል። ልንገራት? ብነግራት አለቀ፣ ሁለተኛ አትነካውም፣ አውቃታለሁ፣ እሷ አልነካም ካለች ደግሞ እሱ ከእኔ እጅ አይበላም፣ ሞክሬዋለሁ፣ አሽትቶ እንደ ግብር ሰብሳቢ ነው ያየኝ፣ እሱ ካልበላ እሷ አትበላም፣ ያን ጊዜ ቀሚስ ማጥበብ ቀርቶ ከፈን ነው የምሰፋው፣ ተይ፣ ምን ዓይነት ሐሳብ ነው። ሣጥኑን ልደብቀው? ባል የለ፣ ጥርስ የለ፣ እሱን ደግሞ ልውሰድባት። እውነቱን ደብቄ ውሃውን ላስቀድም፣ ይኼ ነው የሚሻለው፣ አቧራ ነው እላታለሁ፣ ዶክተሯ እንግዳ ነገር አዛለች እላታለሁ፣ ዶክተር ላይ የማይሳበብ ነገር የለም። ለመዋሸት አላፍርም፣ ትብላልኝ እንጂ።

ማንቆርቆሪያውን እሞላለሁ። ሳሙና፣ መታጠቢያው። በረንዳው ላይ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ የኮኮናቱ ጥላ የእማ እግር ድረስ መጥቷል፣ ዓሣው አጠገቧ ተሸፍኖ ተቀምጧል፣ ዛሬም ጠብሳዋለች፣ ማንም ሳይበላው ነገም ትጠብሳለች።

ቀና ትላለች። ምግብ ደረሰ እንዴ፣ እሱ ሳይበላ።

አልደረሰም፣ እጅሽን ስጪኝ።

ለማን ነው የምታጠበው አንቺ።

ለእሱ።

ለድመት! ንግሥናው ሊሰጠው ነው በዪኛ፣ ትላለች፣ ግን ሙቀጫዋን አስቀምጣ እጇን ትዘረጋለች፣ ቀላል ነው፣ አጥንቱ በቆዳው ውስጥ ይንቀሳቀሳል፣ አፈሳለሁ፣ ሳሙናውን ይዤ በቀጥታ ወደ ሌባ ጣቷ፣ ሞኝነቴ፣ ሌሎቹን መጀመሪያ ማሸት ነበረብኝ፣ ጥፍሯ ሥር ያለው ነጭ አልለቅ ይላል፣ ደጋግሜ አሻለሁ፣ እማ ማኘኩን አቆመች። ጣቷን ታያለች። ከዚያ እኔን። አቧራ ነው ለማለት አፌ ዝግጁ ነው፣ ዶክተሯ ለማለት፣

ኖራው ነው።

አልጠየቀችኝም፣ ነገረችኝ። ውሃው ይወርዳል። አዎ እማ፣ ይላል አፌ፣ ያዘጋጀሁት ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም።

በጣም አቃጥዬዋለሁ?

ይድናል።

እሱን አልጠየቅኩሽም።

አዎ፣ አቃጥሎታል።

አሁን ታለቅሳለች፣ እጇን ትነጥቀኛለች፣ ዓሣውን ትገፋዋለች፣ እጠብቃለሁ። ከጉንጯ ያለውን ሲሪህ ትተፋለች፣ አፏን ትጉመጠመጣለች፣ ጣቷን መልሳ መዳፌ ላይ ታስቀምጣለች። እንግዲያው ደህና አድርገሽ ፈትጊው፣ ትላለች፣ ምን ታባብይኛለሽ። እፈትጋለሁ። እስኪቀላ፣ እስኪያልቅ ውሃው።

ከላቡ በሩ ላይ ቁጭ ብሏል። ጠረኑ ነው ያመጣው፣ ርቦታል፣ ሆዱ ከጀርባው ተጣብቋል። እማ ዓሣውን ትገልጣለች፣ ከጀርባው ሥጋ ትቆነጥራለች፣ ሩዙን ጨምራ ትለውሳለች፣ ና የኔ ጌታ፣ ትዘረጋለታለች። አንድ እርምጃ ይመጣል፣ ጣቷን ሲያይ ይቆማል፣ ወደኋላ ይላል። ያን እጅ ያውቀዋል። የሚያሳዝነኝ ደግሞ እማም ማወቁን ማየቷ ነው፣ ክንዷ በአየር ላይ እንደተዘረጋ ቀርቷል።

እጇን ወደ ራሷ ትመልሳለች። ጉርሻውን በአፏ ታደርገዋለች።

ይኸው፣ ትለዋለች፣ እያኘከች፣ ጥርስ በሌለው ድዷ ቀስ ብላ፣ ዓይኗ ከእሱ ሳይነሳ፣ አያቃጥልም፣ እይ፣ አያቃጥልም። ትውጣለች። ጉሮሮዋ ሲወርድ አያለሁ፣ እናቴ ድመቱ ሳይበላ እህል ዋጠች፣ አባቴ ቢኖር ምን ይል ነበር። ሁለተኛውን ትጠቀልልና ትዘረጋለታለች፣ ከላቡ ያሸታል፣ አንገቱን ብቻ አስግጎ፣ እግሩን አላነሳም፣ አትፈልግም፣ እሺ፣ ትላለች፣ እሱንም ራሷ ትጎርሰዋለች፣ ሦስተኛውን ታዘጋጃለች፣ ሩዙ ከንፈሯ ላይ ቀርቷል፣ እኔ ባዶ ማንቆርቆሪያ ይዤ ቆሜአለሁ፣ እሱ ጢሙን እያንቀሳቀሰ ሊነሳ ነው፣ ሊመጣ ነው፣ አትምጣ እለዋለሁ በሆዴ፣ ትንሽ ቆይ፣ ትንሽ ትብላ።