ለእትዬ የተገዛው ወንበር

ባሌን የሥራ ጓደኞቹ «ችግር የለም» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጣለት ሰው አፉ ይባረክ፣ ልክ ነው ያገኘው። የመኪና ቀለም ቀቢ ነው። የተጋጨች መኪና እሱ ጋ ገብታ ስትወጣ የተመታችበትን ቦታ ባለቤቷ እንኳ ፈልጎ አያገኘውም። እጁ ወርቅ ነው፣ ኪሱ ግን ቀዳዳ። ብድር አለብን ስለው «ችግር የለም»፤ ቀኑ ደረሰ ስለው «ችግር የለም»፤ አንጀቴ አረረ ስለው ደግሞ ይስቃል። ሲስቅ ያምርበታል፣ እሱ ነው ጉዱ።

የተበደርነውም ለእሱ ነበር። የቀለም መርጫ ኮምፕሬሰር ልግዛ፣ በተከራየሁት እስከ መቼ እቀባለሁ ብሎ ጨቀጨቀኝ፤ እኔም ከምሠራበት ሆስፒታል የሠራተኞች ቁጠባ ማኅበር በስሜ ተበደርኩለት። እዚያ ቀኑን ሙሉ የተቀደደ አንሶላና የሐኪም ጋውን ስሰፋ ነው የምውለው። ማኅበሩ ያለ ዋስ አያበድርም። ዋስ የሆነችኝ ታላቅ እህቴ እትዬ ናት። ከእኔ ክፍል አጠገብ ባለው ልብስ ማጠቢያ ሠላሳ ዓመት ቆማ ሠርታለች። ፈርሚልኝ ስላት ስንት እንደሆነ እንኳ አልጠየቀችኝም፤ እጇን በሽርጧ ጠራርጋ ፈረመች።

ዘንድሮ ጡረታዋ ደረሰ። ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት አንዲት ጠባብ ሱቅ አይታለች። «ሰው በሽተኛ ተሸክሞ ሲሮጥ ሳሙና ይዞ አይመጣም፣ ፎጣ አይዝም፣ ነጠላ ጫማ ትዝ አይለውም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያየሁት ይኼንን ነው» ትላለች። ከሚሰጣት የአገልግሎት ክፍያ የስድስት ወር ኪራይ ቀድማ ልትከፍል ከሱቁ ባለቤት ጋር ተነጋግራለች። ሰውየው እስከ ረቡዕ እጠብቅሻለሁ፣ ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ፈላጊ አለኝ ብሏታል።

እኔስ ምን አደረግኩ? ከሁለት ወር በፊት «ያ ብድራችሁ ከምን ደረሰ?» ብላ ስትጠይቀኝ «ጨርሰናል እትዬ» አልኳት። አፍሬ ነው። ያን ሰሞን ባሌ አንድ ጥሩ ሥራ ይዞ ስለነበር በሳምንቱ ይዘጋል ብዬ ነበር። የዚያ ሥራ ገንዘብ የት እንደገባ እሱም አያውቀውም። አሥራ ስምንት ሺህ ነበር የቀረን፣ እንደቀረን ቀረ።

ሐሙስ ዕለት የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ አስጠራችኝ። «የእህትሽን ክሊራንስ ሰኞ ነው የምፈርመው» አለችኝ። «እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ካልከፈልሽ ዋስሽ እሷ ስለሆነች ከእሷ ላይ ነው የምቆርጠው። እኔን እንዳትቀየሚኝ።»

 ከእትዬ ገንዘብ ላይ አሥራ ስምንት ሺህ ከተነሣ የሱቁ ኪራይ አይሞላም። ቤት ስገባ ባሌ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ከስልኩ ጋር ይስቃል።

«የምትቀባውን ሚኒባስ መቼ ነው የምታስረክበው?» አልኩት።

«ቅዳሜ ጠዋት። ምነው የእኔ ፖሊስ?»

«ሃያ ሺህ ይሰጥሃል አይደል? አሥራ ስምንቱን ሳትነካት ይዘህ በአራት ሰዓት የሆስፒታሉ በር ላይ ትመጣለህ። ካልመጣህ ከእትዬ ላይ ሊቆርጡ ነው፤ እሷ ደግሞ የምታውቀው የለም።»

«ቢቆረጥስ? ቀስ እያልን እንሰጣታለን። እትዬ እኮ እናታችን ማለት ናት።»

«ሱቋስ?»

«ሱቅ ሞልቷል። አንቺ ዝም ብለሽ ነው ራስሽን የምትበዪው።»

ደሜ ፈላ። በእጄ መርፌ አለመያዜ በጀው። ቢሆንም ለመንኩት፤ ባልና ሚስት ነን፣ ምን አደርጋለሁ። በአራት ሰዓት እመጣለሁ ብሎ በእናቱ ማለልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ገባሁ። አንዱን አንሶላ ሁለት ጊዜ ሰፍቼ ሁለት ጊዜ ተረተርኩት። አራት ሰዓት ሆነ። ስደውልለት ይጠራል፣ አይነሣም። ሥራ ላይ ነው፣ እጁ ቀለም ነክቶት ነው እያልኩ ለራሴ ምክንያት እደረድርለታለሁ። አራት ተኩል ላይ እትዬ የታጠፈ አንሶላ ታቅፋ ገባች። ፊቷ ያበራል።

«የሱቋን በር ባልሽ ይቀባልኝ ይሆን?» አለችኝ። «ከሩቅ የሚታይ ቀለም ፈልጌ ነው። ሥራ ይበዛበት እንደሆነ ግን አታስቸግሪው።»

«ይቀባልሻል» አልኳት፣ ቀና ብዬ ሳላያት።

«ምነው ከሳሽ? ለምትበዪው ነገር አስቢ እንጂ» ብላ ወጣች።

አምስት ሰዓት ሆነ። አምስት ተኩል ላይ እትዬ ቦርሳዋን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። እኔ በሩ ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ሚኒባስ ባየሁ ቁጥር እሱ ይመስለኛል። ዘበኛው ሁለቴ ምን ሆነሻል አለኝ፣ ምንም አልኩት። ስድስት ሰዓት ሲሆን ገንዘብ ያዧ ወጣች። አየችኝ፣ ትንሽ ቆም አለች፣ ከዚያ መንገዷን ቀጠለች። አልቅሼ ለእሷ ላስረዳት ፈለግኩ፤ ግን ምን ብዬ ነው የማስረዳት?

ከሩብ ሰዓት በኋላ አንዲት ፒካፕ ፊቴ ቆመች። ባሌ ከጋቢናው ሆኖ እጁን ያወዛውዛል። ከኋላ ላስቲኩ ያልተነሣለት ትልቅ ቡናማ ወንበር በገመድ ታስሯል።

«ግቢ፣ ግቢ» ይለኛል፣ ጥርሱ ሁሉ ወጥቶ። «ለእትዬ ነው። ሠላሳ ዓመት ቆማ የሠራች ሴት ትቀመጥ እንጂ። እጀታውን ስትስቢው እግር ሁሉ ያነሣል።»

«ብሩስ?»

«ወንበሩ ነዋ። ወደ አሥራ ስድስት ሺህ አስቀንሼ ነው፣ ነጋዴው ሃያ ነበር ያለኝ። በቀረው የጋራዡን ልጆች ቁርስ ጋበዝኩ፣ የመኪና ከፈልኩ።»

«መልሰው» አልኩት። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ሆነብኝ። ደረሰኙን አወጣልኝ። ታች «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። ሾፌሩ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል። ገባሁ፤ ምን ምርጫ አለኝ? እትዬ ሰኞ ከገንዘብ ያዧ አፍ ከምትሰማው ዛሬ ከእኔ ብትሰማ ይሻላል ብዬ ነው የገባሁት።

የእትዬ ቤት አንድ ክፍል ናት። ወንበሩ እንዲገባ አልጋዋን ገፋን፣ ጠረጴዛዋን በረንዳ አወጣን። እትዬ አንድ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማ ቀረች። ባሌ እጇን ይዞ አስቀመጣትና እጀታውን ሳበ። እግሯ ከፍ ሲል እንደ ልጅ ሳቀች፤ ከዚያ እንባዋ መጣ።

«ዕድሜ ይስጥህ» አለችው። «ወንድም ቢኖረኝ ከዚህ በላይ ምን ያደርግልኝ ነበር?»

እሱም ዓይኑ እንባ አቀረረና ሾፌሩን ላናግረው ብሎ ወጣ። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚህ በላይ ብቆይ እንደማልናገር አውቃለሁ።

«እትዬ፣ ብድሩን አልጨረስነውም» አልኳት።

ሁሉንም ነገርኳት፣ ገንዘብ ያዧን፣ ሚኒባሱን፣ አሥራ ስምንቱን ሺህ። እትዬ ቀስ ብላ እግሯን አወረደች። በጣቶቿ ቆጠረች፣ እንደገና ቆጠረች።

«ሱቋ ቀረች ማለት ነው» አለች።

«የትም ሄጄ ተበድሬ እሞላልሻለሁ። ሰውየውን እግሩ ላይ ወድቄ እለምነዋለሁ።»

«ያለ ዋስ ማን ያበድርሻል? ዋስሽ እኔ ነበርኩ እኮ።»

 ከውጭ የባሌ ሳቅ ይሰማል፣ ለሾፌሩ የሆነ ቀልድ እየነገረው ነው። እትዬ ወደ በሩ አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ።

«እሱን ተዪው» አለችኝ። «እሱን ቤታችን ከገባበት ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ። አንቺ ግን ጨርሰናል ብለሽኝ ነበር።»

ብትጮኽብኝ፣ ብትሰድበኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። አልጮኸችም። ስነሣ እጄን ያዝ አደረገችኝና «አትንገሪው፣ ደስ ብሎት ይሂድ» አለች።

ፒካፗ ውስጥ በእሱና በሾፌሩ መሀል ተቀመጥኩ። ገና ከሰፈሩ ሳንወጣ ጀመረ።

«አየሻት? እንዴት ደስ እንዳላት! አንቺ ከሐሙስ ጀምሮ ሰው ስታስጨንቂ። ብለሽ ብለሽ ምን መጣ?»

ዝም ልል ነበር። እስከ ዛሬ እንዲህ ዝም እያልኩ ነው፤ እሱ ያጎደለውን እኔ እየሞላሁ፣ ሰው ሲጠይቀኝ «ደህና ነን» እያልኩ። እትዬም «አንቺ ግን» ያለችኝ ለዚሁ ነበር። አልቻልኩም።

«ሱቋ ቀረች» አልኩት። ሳልጮኽ ነው የነገርኩት። በጣቶቿ ሁለት ጊዜ እንደቆጠረች ነገርኩት። የሱቋን በር እንድትቀባላት ልትለምንህ አስባ ነበር፣ ሥራ እንዳትፈታም ፈርታልህ ነበር አልኩት። ደስ ብሎት ይሂድ፣ አትንገሪው እንዳለችኝም ነገርኩት።

መጀመሪያ ሊስቅ ሞከረ። ከዚያ አየኝ።

«አለቀሰች?» አለኝ።

«አላለቀሰችም።»

እሱን አለማልቀሷ ነው የከበደው መሰለኝ። ጥፍሮቹ ሥር ቀለም የደረቀባቸውን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አቀረቀረ። ከሁለት የትራፊክ መብራት በኋላ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሾፌሩ አንዴ ሰረቅ አድርጎ አየንና መንገዱን ማየት ቀጠለ። ከተጋባን ጀምሮ ይኼ ሰው ሲከፋው ቀድማ «አይዞህ» የምትለው እኔ ነኝ። አሁንም አፌ ላይ ደርሳ ነበር፤ አላወጣኋትም።